የአባታችንን ዜማዎች አልበም ልናደርግ ነው፤ ወንድሞቼ ግን አልተስማሙም

የሻለቃው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን የዜማ ደራሲ ነበር። ለጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ብዙ ሠርቷል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሰው ዘፋኙን እንጂ ዜማውን የሠራውን መች ይጠይቃል! አሁን ከሁለት ወንድሞቼ ጋር መታሰቢያ አልበም ልናወጣለት ተነስተናል። እኔ እዘፍናለሁ፣ ታናሼ ማሲንቆ ይጫወታል፣ ታላቄ ኪቦርዱንና ቅንብሩን ይዟል። ጭቅጭቁም እዚያው ላይ ነው።

አባባ ኖታ አይጽፍም። ዜማ ሲመጣለት ክራሩን አንስቶ ካሴት ላይ ይቀዳ ነበር። አንዱ ካሴት ላይ እያንጎራጎረ ድንገት ያቆምና "እዚህ ጋ ትራምፔት" ብሎ በአፉ "ፓ ፓራ ፓ" ይላል። ያስላል። ከዚያ "አይ፣ ትሮምቦን ይሻላል።" ታላቄ ይስቃል፤ ዛሬ ለትሮምቦን ማን ይከፍላል ባይ ነው። ሁሉንም በኪቦርድ እንጨርሰው ይላል። ታናሼ ደግሞ ካሴቱ እንዳለ ይውጣ፣ አንነካካው ይላል። ምከሩን እስቲ። የአባባን ድምፅ ራሱን ማስገባትስ ያምራል ወይስ ሰው ማስለቀስ ብቻ ነው?

ስቱዲዮ ቤት፦
መጀመሪያ ካሴቱን ባገኛችሁት ቴፕ አታጫውቱ፤ ይበላባችኋል። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በአልኮል ጠርጋችሁ አንዴ በደንብ ወደ ኮምፒውተር አስገቡትና ይረፍ። ሌላው ፍጥነቱ ነው። ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ቢላችሁ በክራሩ አትፍረዱ፤ አሮጌ ቴፕ ይፈጥናል ወይ ይንቀረፈፋል። አባታችሁ ቴፑን ሶኬት ላይ ሰክተው ከቀዱ፣ ከሥር "እምምም" የሚል ድምፅ አይጠፋም። እሱ የመብራቱ ነው፤ የኛ አገር መብራት ደግሞ 50 ሄርዝ ነው። ኮምፒውተሩ ያንን "እምምም" 52 ብሎ ካሳያችሁ ቴፑ 4 በመቶ ፈጥኗል፤ ድምፁም የግማሽ ድምፅ (በኪቦርዱ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት) ሁለት ሦስተኛ ያህል ቀጥኗል። በዚያው ልክ መልሱት። በባትሪ ከተቀዳ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ጠበቃዋ፦
ዜማው የእሳቸው ነው፤ ግጥሙስ የማን ነው? በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሽም ይተላለፋል። እናንተ የወራሽነት ማስረጃችሁን ያዙ፤ የገጣሚውን ወራሾች ደግሞ በጽሑፍ አስፈቅዱ። "የአባታችን ጓደኛ ነበር እኮ" የሚለው አያዋጣም። ዘፈኑ ሲወደድ ጓደኝነቱ ይረሳል።

ሁለተኛ ሳክስ፦
ልጄ፣ እኔ በዚያ ዘመን ሳክስፎን ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ "ፓ ፓራ ፓ" ለሳቅ አይደለም፤ ቅንብሩ እሱ ነው! ደራሲው ያንጎራጉራል፣ ኖታ የሚያውቀው ተቀምጦ ለየመሣሪያው ይጽፋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እነ አቀናባሪው ኔርሲስ ናልባንዲያን ለነፊው የሚያዘጋጁት በኖታ ነበር። ካሴቱን ለአንድ ኖታ አዋቂ ስጡት፤ ያሬድ ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጅ አይጠፋም። አንድ ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን፣ አንድ ቴነር ሳክስፎን ይበቃችኋል።

ወንድምሽን ግን ቅኝቱን፣ ማለት ዜማው የቆመበትን የድምፅ አሰላለፍ፣ ጠይቂልኝ። ትዝታ ከሆነ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ይሸከማል። አንቺሆዬ አይሸከምም፤ ኪቦርዱ ኮርድ ሲደራርብበት ያ ሆድ የሚያባባው ነገሩ ይጠፋል። እሱን ነፊዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ዜማ ይንፉት። ድሮም የምንነፋው እንዲያ ነው።

የዲሲው፦
ስለ ድምፃቸው፦ ናታሊ ኮል እ.ኤ.አ. በ1991 በ1965 ከሞተው አባቷ ከናት ኪንግ ኮል ድምፅ ጋር ዘፍና ጉድ አሰኝታለች። ያምራል። የእሱ ግን በስቱዲዮ የተቀዳ፣ ያለቀለት ድምፅ ነበር። አባታችሁ ገና እየሞከሩ ነው፤ ሙሉውን ብታወጡት እሳቸውም የሚወዱት አይመስለኝም። "አይ፣ ትሮምቦን ይሻላል" ያሏትን ብቻ አስገቡና ወዲያው እውነተኛ ትሮምቦን ይግባ። በቃ።

የሻለቃው ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺሆዬም አለበት፣ ባቲም አለበት። ለታላቄ አነበብኩለት። ትንሽ አኮረፈና ትሮምቦኑን ተቀበለ፤ ከኪሴ ግን አልከፍልም ብሏል። የገጣሚውን ልጆች ማግኘት የኔ ሥራ ሆኗል። ቴፑ ሁሌም ሶኬት ላይ ነበር የሚሰካው፤ ታናሼ 50ውን ፍለጋ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። ዋጋው የማይጎዳ ትሮምቦን ነፊ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።