ከሲ ላይብረሪ የሚመጣው የቡና ክብደት ፓይተን ላይ ሲደርስ ለምን ይዛባል?

ጥያቄ፦ የሚዛን ቤት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ውስጥ የመጋዘኑን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ኤሌክትሮኒክ ሚዛናችን ሲገዛ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ አብሮት መጥቷል። የምንጭ ኮዱ በእጃችን የለም፤ ያለን ኮምፓይል የተደረገው ፋይልና አንድ ገጽ ተኩል የምታህል ሄደር (የፈንክሽኖቹ መግለጫ ፋይል) ብቻ ናት። የእኔ ፕሮግራም በፓይተን ስለሆነ በሲታይፕስ (ፓይተን የሲ ላይብረሪ በሚጠራበት ሞጁል) በኩል ልጠራው ሞከርኩ።

ከሄደሩ ውስጥ የምፈልጋቸው ሦስት ፈንክሽኖች ናቸው። አንደኛው የፖርት ቁጥር በኢንት (ሙሉ ቁጥር) ተቀብሎ ክብደቱን በደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይመልሳል። ሁለተኛው የፖርቱን ስም ተቀብሎ ሚዛኑን ይከፍትና ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይመልሳል። ሦስተኛው ያንን ፖይንተርና አንድ ኮልባክ (ላይብረሪው መልሶ የሚጠራው የእኔ ፈንክሽን) ተቀብሎ፣ ክብደቱ በረጋ ቁጥር ኮልባኩን ይጠራል።

ዛሬ ጠዋት አንድ ኬሻ አስቀምጠን የሚዛኑ መስኮት 60.25 ኪሎ እያሳየ አንደኛውን ስጠራ ፓይተን 1 ብሎ መለሰልኝ። ኬሻው ሳይነካ ደግሜ ስጠራው 0፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራው ደግሞ ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር። መክፈቻው የመለሰውን ለሦስተኛው ፈንክሽን ሳቀብልማ ፓይተን ራሱ ድርግም ብሎ ይዘጋል፤ ተርሚናሉ ላይ የሚቀረው «ሴግሜንቴሽን ፎልት» የሚል ቃል ብቻ ነው። የሚያናድደኝ፣ በአሮጌው ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ መክፈትና ዜሮ ማድረግ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። አዲሱ ባለ 64 ቢት ነው፣ ኡቡንቱ 22.04። ሻጩም የ64 ቢት ቅጂ ልኮልናል።

ፈጣን እጅ

ወንድሜ፣ ይህ ሊብኤፍኤፍአይ የሚባለው ላይብረሪ ያመጣው ጣጣ ነው። ሲታይፕስ ከሥሩ የሚሠራው በእሱ ነው። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ቁጥር 7 የነበረው ፋይል 22.04 ላይ ቁጥር 8 ሆኗል። አጥፋውና እንደገና ጫነው።

አሮጌ ጠቋሚ

እባክዎ እንዳያጠፉት! ፓይተኑም ዴስክቶፑም በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ አብረው ይሄዳሉ። የቅጂ አለመስማማት ሲኖር የሚታየው ምልክት ሌላ ነው፦ ሲታይፕስን ኢምፖርት ሲያደርጉ ገና ከመነሻው «ቁጥር 7 የተባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም» ይላል። ፓይተንን ከምንጭ ኮዱ ራሱ የገነባ ሰው የሊብኤፍኤፍአይን የልማት ጥቅል ሳይጭን ከሆነ ደግሞ «ሲታይፕስ የሚባል ሞጁል የለም» ይባላል። የእርስዎ ኢምፖርት አልፏል፣ ፈንክሽኑም ተጠርቷል። ስለዚህ ሊብኤፍኤፍአይ ጤነኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲ ኮምፓይለር ሄደሩን ያነባል፤ ሲታይፕስ ግን ሄደር የሚባል ነገር አያይም። የተላከላችሁ ፋይል ውስጥ የፈንክሽኑ ስም አለ፤ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ግን አልተጻፈም። ካልነገሩት በስተቀር ሲታይፕስ ማንኛውም ፈንክሽን ኢንት ይመልሳል ብሎ ያምናል።

በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ፣ ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ፣ ፈንክሽን ሲጠራ ስምምነት አለ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ኢንት ወይም ፖይንተሮች በስድስት የታወቁ ሬጂስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ይገባሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ደብሎች ደግሞ በሌሎች ስምንት። መልሱም እንዲሁ ነው፦ ኢንት በአንድ ሬጂስተር ይወጣል፣ ደብል በሌላ። ባንክ ሄደው ገንዘቡ መስኮት 5 ላይ ተቆጥሮ እየጠበቀዎት እርስዎ መስኮት 1 ላይ እጅዎን ዘርግተው ቆመዋል። እዚያ የሚያገኙት ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ጥሎት የሄደውን ወረቀት ነው። 1፣ 0፣ ከዚያ ዘጠኝ አሃዝ የሆነው ለዚህ ነው።

ሊብኤፍኤፍአይ የተፈጠረውም ለዚሁ ሥራ ነው። አንቶኒ ግሪን በ1996 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው ላይብረሪ ሲሆን፣ የዓይነቶቹን ዝርዝር ፕሮግራሙ እየሠራ እያለ ተቀብሎ እያንዳንዱን እሴት በየሬጂስተሩና በየስታኩ (ሜሞሪ ላይ ያለ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ቦታ ያስቀምጣል። ይኸው ፕሮሰሰር ዊንዶውስ ላይ ሲሆን በሬጂስተር የሚያልፉት አራት ብቻ ናቸው፤ አርም ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ያንን ሁሉ ልዩነት እሱ ይሸከምልናል። የተሰጠው ዝርዝር ትክክል መሆኑን ግን የሚያይበት ዓይን የለውም። በሩቢም፣ በፒኤችፒው ኤፍኤፍአይም፣ በጃቫው ጄኤንኤም በኩል ቢመጡ ከሥር የሚያገኙት እሱኑ ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ የክብደቱ ፈንክሽን ሬስታይፕ (የሚመለሰው ዓይነት) = ሲ_ደብል። የመክፈቻው ሬስታይፕ = ሲ_ቮይድ_ፒ። ከመጥራትዎ በፊት።

የሚዛን ቤት

በመጀመሪያ፣ እህት ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም።

ሬስታይፑን ሲ_ደብል አደረግሁት፤ 60.25። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ ሦስት ጊዜ 60.25። ሁለት ቀን የፈጀብኝ በአንድ መስመር አለቀ። መክፈቻውንም እንደተባልኩት አደረግሁ፤ እሱ ግን አሁንም ፓይተንን ይዞት ይወድቃል።

ሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽው። የሚመለሰውን ነግረሽ የሚገባውን አልነገርሽም።

ሲ_ቮይድ_ፒ ብለሽ የተቀበልሽው አድራሻ ፓይተን ውስጥ ሲገባ ተራ ቁጥር ይሆናል። ያንን ቁጥር ለሦስተኛው ፈንክሽን መልሰሽ ስታቀብዪ፣ አርግታይፕስ (የሚገቡት እሴቶች ዓይነት) ካልተሰጠ ሲታይፕስ «ተራ ቁጥር ነው፣ ኢንት ይሁን» ብሎ 32 ቢቱን ብቻ ያሳልፋል። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ አድራሻ በሄክሳ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ 12 አሃዝ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 8 ይቀሩና የፊተኞቹ 4 ይቆረጣሉ። ላይብረሪው በተቆረጠው አድራሻ ሄዶ የእሱ ያልሆነ ሜሞሪ ሲነካ ሊኑክስ ይገድለዋል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ኢንትም ፖይንተርም አራት አራት ባይት ስለነበሩ የሚቆረጥ አልነበረም። እዚያም ስሕተት ነበር፤ ዕድል ሸፈነው እንጂ።

ስለዚህ የሦስተኛው አርግታይፕስ = ሲ_ቮይድ_ፒ እና የኮልባኩ ዓይነት። ለመክፈቻውም ሲ_ቻር_ፒ ስጪውና የፖርቱን ስም በባይት አቀብዪ። ያለዚያ ተራ የፓይተን ጽሑፍ ሰፊ ፊደል ሆኖ ይሄድና ላይብረሪው የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ ይቆማል።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥምሽ ፓይተኑን በፎልትሃንድለር አስነሺው። የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደሞተ ይነግርሻል።

ፈጣን እጅ

ይቅርታ እህቴ። ግን ሲታይፕስን ትቶ ሲኤፍኤፍአይ የሚባለውን ሌላ የፓይተን ማገናኛ መጠቀም አይሻልም?

አሮጌ ጠቋሚ

እኔም ለአዲስ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። የሄደሩን መስመሮች እንዳሉ በሲ ቋንቋ ትሰጪዋለሽ፤ የመመለሻውን ዓይነት መርሳት አይቻልም። በአንደኛው አሠራሩ በሊብኤፍኤፍአይ ይጠራል፣ በሌላው ደግሞ የሲ ኮምፓይለር አስነስቶ ማገናኛውን ይገነባል። የሁለተኛው ጥቅሙ ሄደሩን ያነበበው እውነተኛ ኮምፓይለር ስለሆነ ስሕተት ቢኖር እዚያው መያዙ ነው። ለሦስት ፈንክሽን ግን የጀመርሽውን አትተዪ። ፍጥነትም አያሳስብሽ፤ ሚዛን በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይነበባል?

የሚዛን ቤት

አርግታይፕሱን ሰጠሁት፤ ተከፈተ፤ ኮልባኩም መጣ! 14 ኬሻ መዘንን፣ ክብደቱ በረጋ ቁጥር ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። 15ኛው ኬሻ ላይ ግን ያው ሴግሜንቴሽን ፎልት። ደግሜ አስነሳሁት፤ አሁን 9ኛው ላይ። ኮልባኩን የማስመዘግበው በአንድ መስመር ነው፦ እዚያው ቅንፉ ውስጥ ፈንክሽኔን በሲፈንክታይፕ (በሲታይፕስ የኮልባክ መጠቅለያ) ጠቅልዬ አቀብላለሁ።

ሌሊት ፈረቃ

ቅንፉ ውስጥ ጠቅልለሽ ነው ያጠፋሽው።

የሲ ፈንክሽን የፓይተን ፈንክሽንን በቀጥታ መጥራት አይችልም። ስለዚህ ሲታይፕስ በሊብኤፍኤፍአይ በኩል «ክሎዠር» የሚባል ነገር ይሠራል፤ አድራሻ ያለው፣ ከሲ በኩል ሲታይ እውነተኛ ፈንክሽን የሚመስል ትንሽ መግቢያ በር ነው። ለላይብረሪው የሄደው የዚያ በር አድራሻ ነው። በሩ የሚኖረው ግን የጠቀለልሽው የፓይተን ኦብጀክት እስካለ ድረስ ነው። ቅንፉ ውስጥ ስም ሳትሰጪው ፈጥረሽ መስመሩ ሲያልቅ የያዘው የለም፤ ፓይተን ያፈርሰዋል። ላይብረሪው አድራሻውን ይዞ ይቀራል። ቦታው በሌላ ነገር እስኪያዝ ድረስ አሮጌው በር እንዳለ ይቆያል፤ 14 ኬሻ ያሻገረሽ እሱ ነው። ሲያዝ ግን በር በነበረበት ግድግዳ ነው።

የጠቀለልሽውን በስም ያዢው፣ ሚዛኑ እስኪዘጋ በሚኖር ቦታ፤ ለምሳሌ ክላስሽ ውስጥ። የፈንክሽን ውስጥ ተለዋዋጭ ከሆነ ፈንክሽኑ ሲያልቅ እሱም አብሮ ያልቃል።

ሌላም አለ። ላይብረሪው ኮልባኩን የሚጠራው ከራሱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ከሆነ ስክሪኑን ከዚያ አትንኪ። ክብደቱን ወረፋ ላይ አስቀምጪና ዋናው ትሬድ ያንሳው።

ማክ ተጠቃሚ

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ይኸው ዓይነት ነገር በአፕል ኤም1 ላይ ገጠመኝ። የሚቀበላቸው እሴቶች ስንት እንደሆኑ ያልተወሰነ ፈንክሽን ነው፣ እንደ ፕሪንትኤፍ። ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ማክ ላይ ቆሻሻ ያትማል።

አሮጌ ጠቋሚ

አፕል በአርም ላይ ከቋሚዎቹ እሴቶች በኋላ፣ በሄደሩ ሦስት ነጥብ (...) ቦታ የሚመጡትን ሁሉ ስታክ ላይ ያስቀምጣል፤ በሬጂስተር አያሳልፍም። ሊብኤፍኤፍአይ ለእነዚህ የተለየ ማዘጋጃ አለው፣ ሲታይፕስ ግን የትኞቹ ቋሚ እንደሆኑ ማወቅ ይፈልጋል። ለቋሚዎቹ ብቻ አርግታይፕስ ስጥ።

የሚዛን ቤት

212 ኬሻ፣ አንድም ሳይወድቅ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። በየኬሻው መዝገብ የሚያስቀምጥ ፈንክሽን አለ፤ የሚቀበለው ስትራክት (ብዙ ሜዳዎች አንድ ላይ የተደረደሩበት ጥቅል) ሲሆን 32 ባይት ስም፣ ከዚያ የኬሻ ቁጥር በኢንት፣ ከዚያ ክብደት በደብል ነው። የኬሻ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ክብደቱ ግን ተዛብቶ ይመዘገባል። ስሙ ላይ ደግሞ «ይርጋ ጨፌ ደረጃ 1 የታጠበ» ብዬ ስሰጠው ሲታይፕስ ረዝሟል አለኝ። እኔም የጽሑፉን መጨረሻ የምታመለክተውን ዜሮ ባይት ጨምሮ እንዲገባ 31 ላይ ቆረጥኩት። መልሼ ሳነበው ዩኒኮዱ አይፈታም ይላል።

ሌሊት ፈረቃ

ለክብደቱ፣ ሄደሩ ላይ ፓክ 1 የሚል መስመር ካለ ፈልጊ። በተለመደው አቀማመጥ ደብሉ የ8 ብዜት በሆነ ቦታ እንዲጀምር ከኢንቱ በኋላ አራት ባዶ ባይት ይገባል፤ ስትራክቱ 48 ባይት ይሆናል። ፓክ 1 ካለ ባዶው የለም፣ 44 ነው። የክላስሽን መጠን በሳይዝኦፍ አትሚው፤ 48 ካለሽና ሄደሩ ፓክ ካለ ፓኩን ከሜዳዎቹ ዝርዝር በፊት ጻፊ።

ለስሙ፣ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። ቁጠሪ፦ ይርጋ 9፣ ክፍት ቦታ 10፣ ጨፌ 16፣ ክፍት ቦታ 17፣ ደረጃ 26፣ ክፍት ቦታ 27፣ «1» 28፣ ክፍት ቦታ 29። «የ» ከ30 እስከ 32 ትይዛለች፤ አንቺ 31 ላይ ቆርጠሽ ከሦስት ባይቷ ሁለቱን ብቻ አስገባሽ። ከቆረጥሽ በኋላ ፓይተን የተሰበረውን እየዘለለ ይፍታው፤ ሙሉዎቹ ፊደላት ብቻ ይቀራሉ።

ጀንፈል

በኮዱ አልገባም፣ ቡናው ላይ ግን እገባለሁ። እንዲህ ሲቆረጥ የሚጠፋው «የታጠበ» የሚለው ነው! መዝገቡ ላይ የታጠበና ያልታጠበ ካልተለየ መጋዘን ውስጥ ጠብ ያስነሣል። ለምን አታስቀድሚውም? «የታጠበ ይርጋ ጨፌ 1»።

የሚዛን ቤት

ፓክ 1 ነበረበት፤ 44 ሆነ፣ ክብደቱም ተስተካከለ። የጀንፈልን ቆጠርኩት፦ 12፣ 13፣ 22፣ 23፣ 29፣ 30፣ 31። ልክ 31!

ጀንፈል

«ያልታጠበ ይርጋ ጨፌ 1»ስ?

የሚዛን ቤት

34። ተውኩት። ሚዛኑ ላይ የሎት ቁጥር ብቻ አስቀምጣለሁ፤ አሃዝ አንድ ባይት ነው። ሙሉ ስሙን የእኔ ዳታቤዝ ይያዘው።