ልጄ መንጋጋ ጥርስ ላይ ያለችው ጉብታ ምንድናት?

የማርታ እናት፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ጥርሷን ስቦርሽላት የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ላይ፣ በምላስ በኩል፣ ትርፍ ጉብታ አየሁ። በግራም በቀኝም አለ። የኔን በመስታወት ሳየው ጭረት ብቻ ነው። በሽታ ይሆን?

የጥርስ ሐኪሙ፦ አይዞሽ፣ ጤነኛ ነው። የካራቤሊ ጉብታ ይባላል። ካራቤሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና የነበረ የጥርስ ሐኪም ነው። አንዱ ሰው ላይ ጭረት፣ ሌላው ሰው ላይ ሙሉ ጉብታ ሆኖ ይወጣል።

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ለስላሳ ሳለ፣ ጉብታ በሚሆንበት ቦታ የማይከፋፈሉ ሴሎች ይሰበሰባሉ። ዙሪያቸው ግን እያደገ ይታጠፋል። እነዚሁ ሴሎች አጠገባቸው ሌላ ጉብታ እንዳይጀምር ያግዳሉ። የካራቤሊ ጉብታ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቦታ ከተረፈው ነው የሚወጣው።

የማርታ እናት፦ ለኔ አልተረፈውማ፣ ሃሃ! ጭረቱ ውስጥ ምግብ ይገባል?

የጥርስ ሐኪሙ፦ ይገባል። ብሩሹን እዚያ ጋ ዘንበል አድርጊው።