የሕክምና ቃላትን በምን ዘዴ ላጥና? የመድኃኒት መረጃስ ከየት ልውሰድ?

ቀማሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፦ የሕክምና ቃላትን በፍላሽ ካርድ እየሸመደድኩ ነው፤ ግን ሃይፐርካሌሚያና ሃይፐርካልሴሚያ፣ ዲስፋጂያና ዲስፌዢያ ይምታቱብኛል። ከሽምደዳ የተሻለ መንገድ አለ?

ሁለተኛ፦ ስለ አንድ መድኃኒት ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ገጾቹ አይስማሙም። ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን (አንቲባዮቲክ) ከአንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ) ጋር አብሮ እንደማይወሰድ ሁሉም ይናገራል፤ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው የሰዓት ልዩነት ላይ ግን አንዱ 4 ሰዓት፣ ሌላው 6 ሰዓት ይላል። የትኛውን ልያዝ? ለአሳይመንትስ የትኛውን ምንጭ ብጠቅስ ተቀባይነት አለው?

ሥርወ ቃል፦

የመጀመሪያውን ልመልስ። ቃሉን እንዳለ ከመሸምደድ ቆራርጠሽ አጥኚው። አብዛኛው የሕክምና ቃል ከግሪክና ከላቲን የተገጣጠመ ነው፦ ከፊት ቅድመ ቅጥያ፣ መሐል ሥር፣ ከኋላ ድኅረ ቅጥያ። ሥሩንና ቅጥያውን ብዙ ጊዜ “ኦ” ታያይዛቸዋለች፤ ድኅረ ቅጥያው በአናባቢ ከጀመረ ግን ትወድቃለች። ጋስትሮስኮፒ ላይ አለች፣ ጋስትራይቲስ ላይ የለችም። ትርጉሙን ስትፈልጊ ከኋላ ጀምሪ። ፔሪካርዳይቲስን ብንወስድ “አይቲስ” መቆጣት፣ “ካርድ” ልብ፣ “ፔሪ” ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት መቆጣት ማለት ይሆናል።

አሁን ወደሚምታቱብሽ እንምጣ። “ካል” የመጣው ካሊየም ከሚለው የፖታሲየም የላቲን ስም ነው፤ የፖታሲየም ምልክት “ኬ” የሆነውም ለዚሁ ነው። “ካልስ” ደግሞ ካልሲየም ነው። “ሃይፐር” ከመጠን በላይ፣ “ኤሚያ” በደም ውስጥ ማለት ነው። ልዩነቱ በፈተና ነጥብ ብቻ አያበቃም፦ የደም ፖታሲየም በጣም ከፍ ብሎ የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት ላይ ለውጥ ሲታይ ልብን ለመጠበቅ በደም ሥር የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ሃይፐርካልሴሚያ ያለበት ሰው ግን ካልሲየም ቀድሞውኑ በዝቶበታል። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ችግሩን የሚያባብሰውን መድኃኒት ያዘጋጃል።

ዲስፋጂያ ላይ “ፋጂያ” መብላት፣ መዋጥ ነው፤ ዲስፌዢያ ላይ “ፌዢያ” ንግግር ነው። “ዲስ” ለሁለቱም ችግር፣ መክበድ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ማዘዣው ላይ ስታዪ ወዲያው ልትጠይቂ የሚገባሽ ታካሚው እንክብሉን መዋጥ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። እንክብሉ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ወይም ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ከሆነ መፍጨት አይቻልም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሲፈጭ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ፈሳሽ ዓይነት ወይም ሌላ አማራጭ ይፈለጋል።

ሌላው ተማሪን የሚያስቸግረው የቀዶ ጥገና ቅጥያ ነው። “ኤክቶሚ” ቆርጦ ማውጣት፣ “ኦቶሚ” መክፈት፣ “ኦስቶሚ” ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ መሥራት ነው። ኢሊዮስቶሚ (የትንሹ አንጀት መጨረሻ ሆድ ላይ ተከፍቶ ሰገራው በከረጢት የሚቀበልበት ቀዳዳ) የተሠራለት ሰው ላይ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ እንክብል ሳይሟሟና ሳይመጠጥ ከረጢቱ ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል ቅጥያውን ማወቅ በቀጥታ ለሥራሽ ይጠቅምሻል።

ፍላሽ ካርዱን አትጣዪው፤ ግን ሙሉ ቃል አትጻፊበት። 30 ያህል ቅድመ ቅጥያ፣ 50 ያህል ሥር፣ 30 ያህል ድኅረ ቅጥያ ብትይዢ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቃላትን ሳትሸመድጂ ትፈቻለሽ። እያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ ደግሞ ቃሉ የሚገልጸውን ችግር የሚያመጣ ወይም የሚያክም አንድ መድኃኒት ጻፊ፦ ትሮምቦሳይቶፔኒያ (የፕሌትሌት ማነስ) ላይ ሄፓሪን፣ ብራዲካርዲያ (የልብ ምት መዘግየት) ላይ አቴኖሎል፤ ሁለቱም ችግሩን ሊያመጡ የሚችሉ ናቸው።

ሞርታር፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው። እኔ የመድኃኒት ስሞችን ልጨምር፤ እነሱም ይቆራረጣሉና።

ዓለም አቀፉን የመድኃኒት ስያሜ ሥርዓት የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ውሳኔው እ.ኤ.አ. በ1950 ተላለፈ፣ የመጀመሪያው የስሞች ዝርዝር በ1953 ወጣ። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው መድኃኒቶች የጋራ መጨረሻ ይሰጣቸዋል። “ኦሎል” ቤታ ብሎከር፣ “ፕሪል” ኤሲኢ ኢንሂቢተር፣ “ሳርታን” አንጂዮቴንሲን ሪሴፕተር ብሎከር፣ “ዲፒን” ካልሲየም ቻናል ብሎከር (አራቱም ለደም ግፊት የሚሰጡ)፣ “ግሊፕቲን” እና “ግሊፍሎዚን” የስኳር መድኃኒቶች ናቸው።

ወጥመዱ በግማሽ ያወቁት ቅጥያ ነው። ኦሜፕራዞልና አሪፒፕራዞል ሲጠሩ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። የሁለተኛው ቅጥያ “ፒፕራዞል” እንጂ “ፕራዞል” አይደለም። አቶርቫስታቲንና ኒስታቲንም እንዲሁ፦ የኮሌስትሮሉ ቅጥያ “ቫስታቲን” ነው፣ ኒስታቲን ግን የፈንገስ መድኃኒት ነው። በ“ማብ” የሚጨርሱ ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎችን (በላቦራቶሪ የሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካላትን) የተማራችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለአዳዲሶቹ “ማብ” ቀርቶ “ታግ”፣ “ባርት”፣ “ሚግ” እና “ሜንት” የሚሉ አራት መጨረሻዎች መጥተዋል። የድሮዎቹ ስማቸው አልተቀየረም።

ሁለት ስም ያላቸውም አሉ። የአሜሪካ ምንጭ ስትከፍቺ ፓራሲታሞል አሴታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ ግሊቤንክላማይድ ግሊቡራይድ፣ ሪፋምፒሲን ሪፋምፒን ሆኖ ይጠብቅሻል። በአንዱ ስም ፈልገሽ “መረጃ የለም” ብለሽ አትደምድሚ። የንግድ ስም ከዚህ የባሰ ነው፦ ፍሎማክስ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን ሲሆን ጣሊያን ውስጥ በዚሁ ስም የሚሸጠው የመቆጣት መድኃኒት ነው። ስለዚህ ፍለጋ የሚጀመረው ከንጥረ ነገሩ ስም ነው።

አጽሕሮተ ቃላትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ሲጻፉ ማንበብ ቻዪ፣ አንቺ ግን አትጻፊያቸው። “ኦዲ” በእንግሊዝ ልማድ በቀን አንዴ ነው፣ በዓይን ሕክምና ደግሞ ቀኝ ዓይን ነው። ዩኒት በአንድ ፊደል “ዩ” (U) ሲጻፍ ፊደሏ ዜሮ ትመስልና 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ሆኖ ይነበባል። 1.0 ሚሊግራም ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል፤ .5 ደግሞ 5 ይሆናል። ስለዚህ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ዜሮ አይጻፍም፣ ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ ግዴታ ነው። ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ አርትራይተስ (ለመገጣጠሚያ መቆጣት) የሚሰጠው በሳምንት አንዴ ነው፤ “በየቀኑ” ተብሎ ተነቦ ሰው የሞተበት መድኃኒት ስለሆነ የሚወሰድበት ቀን በስሙ ይጻፋል።

የመረጃ ዴስክ፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ምንጮች በሦስት ይከፈላሉ። ቀዳሚው ራሱ ጥናቱ ነው። ሁለተኛው ጥናቶችን ለማግኘት የሚረዳ መፈለጊያ ነው፣ ለምሳሌ ፐብሜድ። ሦስተኛው ተጣርቶ የተጠናቀረ መጽሐፍ ወይም ዳታቤዝ ነው። የምትጀምሪው ከሦስተኛው ነው፤ መልስ ከጠፋ ወይም ጥያቄው አዲስ ከሆነ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ብዙ ተማሪ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ፐብሜድ ከፍቶ ያገኘውን የመጀመሪያ ጥናት አጭር መግለጫ ይጠቅሳል። አጭር መግለጫ ብቻ ስንት ሰው እንደተጠና፣ በምን መጠን፣ እነማን እንደተገለሉ በቂ አድርጎ አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ልትለምጂው የሚገባው ግን ተቆጣጣሪው አካል ያጸደቀው የመድኃኒቱ መግለጫ ነው፤ በነፃ ይገኛል። የአሜሪካው ዴይሊሜድ ላይ፣ የእንግሊዙ ኢኤምሲ ላይ፣ የአውሮፓው በአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ገጽ ላይ አለ። የእንግሊዙና የአውሮፓው ቁጥር አይለዋወጥም፦ 4.2 መጠን፣ 4.3 የማይሰጥበት ሁኔታ፣ 4.5 መስተጋብር (ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የሚፈጠረው)፣ 4.6 እርግዝናና ጡት ማጥባት፣ 4.8 የጎንዮሽ ጉዳት፣ 5.2 ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስተናግድበት መንገድ፣ 6.2 ከምን ጋር እንደማይቀላቀል። የአሜሪካው ሌላ ነው፦ 2 መጠን፣ 4 የማይሰጥበት፣ 5 ማስጠንቀቂያ፣ 7 መስተጋብር፣ 8 ልዩ ታካሚዎች። ቁጥሮቹን ከያዝሽ ረጅሙን ሰነድ ሁሉ ሳታነቢ የምትፈልጊው ቦታ ትደርሻለሽ።

4.8 ላይ ያሉት “የተለመደ” እና “ብርቅ” የሚሉት ቃላትም የተወሰነ ልክ አላቸው። በጣም የተለመደ ማለት ከ10 ሰው 1 ወይም ከዚያ በላይ፣ የተለመደ ከ100 እስከ 10 ሰው 1፣ ያልተለመደ ከ1,000 እስከ 100 ሰው 1፣ ብርቅ ከ10,000 እስከ 1,000 ሰው 1፣ በጣም ብርቅ ከዚያ በታች ነው። “የተለመደ” የሚለውን አይተሽ “ብዙ ሰው ላይ ይከሰታል” ብለሽ ለታካሚ ከነገርሽ ያለ ምክንያት ታስፈሪዋለሽ።

ከዚያ ወዲያ ምንጩን የሚመርጥልሽ የጥያቄው ዓይነት ነው። ለዕለታዊ መጠን የብሪታንያ ናሽናል ፎርሙላሪ ፈጣን ነው። የባዕድ አገር ስም ለመለየት ማርቲንዴል፣ ለመስተጋብር ስቶክሊ፣ በደም ሥር የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ቱቦ ውስጥ ይስማማሉ ወይ ለሚለው ትሪሰል ይሻላል። ለጡት ማጥባት ላክትሜድ፣ ለጉበት ጉዳት ሊቨርቶክስ አሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። አፕቱዴት፣ ማይክሮሜዴክስና ሌክሲኮምፕ (አሁን ሌክሲድራግ) ክፍያ ስለሚጠይቁ ቤተ መጻሕፍትሽ መግቢያ ይኖረው እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ሲፕሮፍሎክሳሲን። ሁለቱም ገጾች አልዋሹም። የአሜሪካው መግለጫ መድኃኒቱን ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ይላል፤ የእንግሊዙ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ቢያንስ 4 ሰዓት ቆይቶ ይላል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አንታሲዱ ውስጥ ያለው አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አንጀት ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣበቅና እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ብረትና ዚንክም እንዲሁ ናቸው። ሰፊውን ልዩነት ከያዝሽ ሁለቱንም ታሟያለሽ። በተግባር ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት የሚወስድ ሰው አንታሲዱን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውሰድ። አሳይመንቱ ላይ ደግሞ ሁለቱንም መግለጫ ጠቅሰሽ ልዩነቱን ግለጪ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ አይገባም።

ቀማሚዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ቁጥሮቹን ጻፍኳቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ለነፍሰ ጡር ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤክስ የሚሉትን የመድኃኒት አደጋ ምድቦች መጠቀም እችላለሁ? ቻትቦት የሰጠኝን ማጣቀሻስ?

የመረጃ ዴስክ፦

ፊደሎቹን ተዪያቸው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ መግለጫዎች ላይ አስቀርቷቸዋል፤ “ሲ” ውስጥ በእንስሳ ላይ ጉዳት የታየበትም፣ ጨርሶ ያልተጠናም መድኃኒት አብረው ይገቡ ስለነበር አሳሳች ነበሩ። አሁን ክፍል 8.1 እርግዝናን፣ 8.2 ጡት ማጥባትን በጽሑፍ ያብራራል። ፊደሎቹን አሁንም የያዘ ገጽ ካገኘሽ ከመቼ ወዲህ እንዳልታደሰ መርምሪ።

ቻትቦት ያልነበረ ጥናት፣ እውነተኛ የሚመስል ርዕስና የመጽሔት ስም ፈጥሮ ሊሰጥሽ ይችላል። ርዕሱን ፐብሜድ ላይ አስገቢው። ከተገኘ ደግሞ ጽሑፉን ከፍተሽ የተባለውን ነገር በእርግጥ ይል እንደሆነ አንብቢ፤ ጥናቱ ኖሮ ድምዳሜው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ሞርታር፦

ጠቅሰሽ ስታበቂ ሰነዱ የታደሰበትን ቀንና አንቺ የከፈትሽበትን ቀን አብረሽ ጻፊ። በአውሮፓውና በእንግሊዙ መግለጫ የታደሰበት ቀን ክፍል 10 ላይ አለ። ያወረድሽውን ቅጂ ከወራት በኋላ እንደገና ከመጠቀምሽ በፊት ያን ቀን ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር አስተያዪው።