ናሚቢያን ነጻ ያወጣት ማን ነው?

የታሪክ መምህር፦
ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ያልተቋጨ ጥያቄ ነው፤ ወደ እናንተ ላምጣው። ናሚቢያ ነጻነቷን ያወጀችው ማርች 21 ቀን 1990 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ለዚህ ያበቃት የልዕለ ኃያላኑ ፉክክር መርገብ ነው ወይስ የራሷ ትግል? እኔ የመጀመሪያውን እላለሁ። የጸጥታው ምክር ቤት በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር ነጻ ምርጫ እንዲካሄድ የሚያዝዘውን ውሳኔ ቁጥር 435 ያሳለፈው በ1978 ነው። ውሳኔው አሥር ዓመት ሙሉ ከመሳቢያ አልወጣም። የስዋፖ (የናሚቢያ ነጻ አውጪ ድርጅት) ታጋዮች ያው ነበሩ፣ አገሪቱን የያዘው የደቡብ አፍሪካ ጦርም ያው ነበር። የተለወጠው የሞስኮ ፖሊሲ ነው። ጎርባቾቭ ከዋሽንግተን ጋር መግባባት ሲጀምር አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ነጻ እንድትወጣ፣ የኩባ ጦርም ከአንጎላ እንዲወጣ የሚያደርገውን ስምምነት ዲሴምበር 22 ቀን 1988 ኒው ዮርክ ላይ ፈረሙ።

የሐረር ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ አነጋገር የሞቱትን ሰዎች ከታሪክ ይፍቃል። «ጦሩም ያው ነበር» ያሉት ልክ አይደለም። በ1987 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካውያን ደቡብ አንጎላ ውስጥ ኩይቶ ኳናቫሌ ላይ ሲገፉ፣ የኩባው መሪ ካስትሮ የአንጎላን መንግሥት ለመርዳት ተጨማሪ ጦር የላከው ሞስኮን ሳያማክር ነው። በ1988 አጋማሽ የኩባ ጦር ወደ ናሚቢያ ድንበር ተጠግቶ ነበር፤ የኩባ አብራሪዎችም ጁን 27 ቀን ድንበሩ አጠገብ ያለውን የካሉዌኬ ግድብ ደበደቡ። ፕሪቶሪያ (የደቡብ አፍሪካ መንግሥት) የሰማይ የበላይነቷን አጥታለች። ለግዳጅ የዘመቱ ነጭ ወጣቶች በሬሳ ሣጥን እየተመለሱ ነው፣ ማዕቀቡም ኢኮኖሚዋን አንቆ ይዞታል። እንዲህ ያለ መንግሥት ወደ ድርድር የሚመጣው ሁለት መሪዎች ሞስኮ ላይ ስለተጨባበጡ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የበርሊን ግንብ የፈረሰው ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ነው። ናሚቢያውያን ድምፅ የሰጡት ከኖቬምበር 7 እስከ 11 ነው። ግንቡ ሲፈርስ እነርሱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈው ነበር! ማን ማንን እንደቀደመ ይታይልኝ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ የግንቡን ነገር በደንብ አስተዋልህ። እኔ ግን ኩባውያንን በኦጋዴን ጦርነት አውቃቸዋለሁ፤ ወደ እኛ የመጡት ከሞስኮ ጋር ተነጋግረው፣ በሞስኮ መሣሪያ ነው። አንጎላ ውስጥም ታንኩና ሚጉ ከዚያው ነው። ውሳኔው የካስትሮ ይሁን፣ ጥይቱን የሚያቀብለው ግን ሌላ ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ሁላችሁም ከ1978 ወዲህ ስለምትጀምሩ የእኛን አገር ድርሻ ረሳችሁት። በ1960 ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ሁለቱም የቀድሞው የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት ነበሩና፣ ማኅበሩ ለደቡብ አፍሪካ የሰጠውን ናሚቢያን የማስተዳደር የሞግዚትነት አደራ አጉድላለች ብለው ሞገቱ። ስድስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ፣ በ1966፣ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉና የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሰነ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ስድስት ዓመት አዳምጦ «አያገባችሁም» ማለት ነው። ያንን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሽንፈቱ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ሞግዚትነቱን ሻረ፣ ስዋፖም የትጥቅ ትግል ጀመረ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ መኖር ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየት ሰጠ። ውሳኔ ቁጥር 435 የተወለደው ከዚህ መሠረት ላይ ነው።

አሁን መምህርን ልጠይቅ፦ ውሳኔውን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው ማን ነው? የሬገን አስተዳደር ከ1981 ጀምሮ «ኩባውያን ከአንጎላ ካልወጡ ናሚቢያ ነጻ አትወጣም» የሚል ቅድመ ሁኔታ አመጣ። የአንድ ሕዝብ ነጻነት በጎረቤት አገር ባለ የሌላ አገር ጦር ተያዘ። ፉክክሩ የቆለፈውን በር፣ ፉክክሩ ሲበርድ ተከፈተ ብለን ልናመሰግን ነው?

የታሪክ መምህር፦
እህቴ፣ መቆለፉን እቀበላለሁ፤ ጥያቄዬን ሳዘጋጅም ይህን አልመዘንኩትም ነበር። ነገር ግን ኤፕሪል 1 ቀን 1989ን ተመልከቱ። የተኩስ አቁሙ በሚጀምርበት ዕለት የስዋፖ ታጋዮች ከአንጎላ ተሻገሩ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ተወካይ አህቲሳሪ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከሰፈሩ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ በጥቂት ቀናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ታጋዮች አለቁ። ስምምነቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊፈርስ ነበር። ያተረፈው ናሚቢያ ውስጥ የተደረገው የኤትጆ ተራራ ስብሰባ ነው፤ አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ ሲነጋገሩ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በታዛቢነት ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እንደ 1981 ጠላቶች ሆነው ቢሆን ኖሮ ያ ደም አሥር ዓመት ሌላ ጦርነት አይቀሰቅስም ነበር?

ጡረተኛው፦
የእነርሱ መታረቅ ሰላም የሚያወርድ ከሆነ አንጎላ ምን ሆነች? ያው ስምምነት፣ ያው ፈራሚ። ኩባውያን በ1991 ወጡ፣ በ1992 ምርጫ ተደረገ፣ የአማፂው የዩኒታ መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አለ። ጦርነቱ እርሱ እስኪገደል ድረስ፣ እስከ 2002 ቀጠለ። ኃያላኑ መሣሪያውን ትተው ሄዱ እንጂ ይዘውት አልሄዱም።

የሐረር ልጅ፦
የኤትጆውን ነጥብ አልክድም፤ ሁለቱ ኃያላን ዝም ቢሉ ፕሪቶሪያ ያንን አጋጣሚ አታባክነውም ነበር። ናሚቢያ የአንጎላ ዕጣ ያልደረሰባት ግን ከተመዘገበው መራጭ 97 ከመቶ ያህሉ ወጥቶ ስለመረጠ ይመስለኛል። ስዋፖ ከ72 መቀመጫ 41 አገኘ፤ ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ሕገ መንግሥቱን ብቻውን መጻፍ አልቻለም። ከባላንጣዎቹ ጋር ተቀምጦ በፌብሩዋሪ 1990 አጸደቀው። ይህን ሞስኮም ዋሽንግተንም አላደረጉላቸውም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ስዋፖን ስናነሣ ሉባንጎ የተባለችውን የአንጎላ ከተማ አንርሳ። አንጎላ ውስጥ ባሉ የስዋፖ እስር ቤቶች የራሱ አባላት በሰላይነት ተጠርጥረው ተሠቃይተዋል፤ ያልተመለሱም አሉ። ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ መልስ ይጠይቃሉ። «የራሷ ትግል» ስንል ያም አለበት።

ደግሞም ማርች 1990 አልቋል አትበሉኝ። የአገሪቱ ዋና ወደብ ዋልቪስ ቤይ በደቡብ አፍሪካ እጅ ቀርቶ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ነበረ። የተመለሰው ማርች 1 ቀን 1994 ነው፤ ደቡብ አፍሪካውያን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው። መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ይህንንም ይንገሩልኝ።