ጃቫ ሶኬት፦ በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል፣ በሁለት ላፕቶፕ ግን እምቢ አለኝ

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አጎቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። መጋዘኑ ከሱቁ ጀርባ ነው። ሻጩ የዕቃ ቁጥር ሲጽፍ መጋዘን ውስጥ ስንት እንደቀረ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ እየሠራሁ ነው። ሰርቨሩ (ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልሰው ክፍል) መጋዘኑ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ሰርቨርሶኬት በሚባለው የጃቫ ክላስ ፖርት 5000 ላይ (ፖርት ማለት ማሽኑ ላይ ያለ የፕሮግራም በር ቁጥር ነው) ይጠብቃል። ክላየንቱ (ጠያቂው ክፍል) ደግሞ ሶኬት ላይ (ከሰርቨሩ ጋር በኔትወርክ የሚያገናኘው መስመር) «ሎካልሆስት» እና 5000 ተሰጥቶታል። ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ ሳስኬዳቸው አሪፍ ነው። ክላየንቱን ወደ ሱቁ ላፕቶፕ ስወስደው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይለኛል። ዋይፋያቸው አንድ ነው። ምን ይሻላል?

እሙ ሀያት፦
አብሽር፣ ቀላል ነው። ሎካልሆስት ካልከው ፕሮግራሙ ካለበት ማሽን አይወጣም፤ ቁጥሩም 127.0.0.1 ነው። የሱቁ ላፕቶፕ 5000 ላይ ሲፈልግ የኖረው ራሱን ነው። እዚያ ደግሞ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። መጋዘኑ ላፕቶፕ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈትና አይፒኮንፊግ ብለህ ጻፍ። አይፒቪ4 አጠገብ ያለውን ቁጥር በሎካልሆስት ፈንታ አስገባ።

የፒያሳው፦
እናመሰግናለን እህቴ። 192.168.1.7 አገኘሁ። ከፊቱ ኤችቲቲፒ፣ ኮለንና ሁለት ስላሽ አድርጌ አስገባሁት። አሁን ደግሞ «አንኖውን ሆስት ኤክሴፕሽን»። ጭራሽ ባሰበት!

የቦርከና ልጅ፦
ሶኬት ሙሉ የድረ ገጽ አድራሻ አይቀበልም ወንድሜ። የሰጠኸውን በሙሉ እንደ ማሽን ስም ቆጥሮ ሲፈልግ ነው ያጣው። የድረ ገጽ አድራሻ ፕሮቶኮል፣ የማሽን ስም፣ ፖርትና የገጹ መንገድ በአንድ መስመር የተሰካኩበት ነው። ሶኬት የሚፈልገው መሃል ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው። ብራውዘር ላይ ፖርት የማንጽፈው ኤችቲቲፒ 80፣ ኤችቲቲፒኤስ 443 እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ሶኬት ግን አይገምትልህም።

በነገራችን ላይ፣ ሙሉ አድራሻ መበታተን ካስፈለገህ ዩአርአይ የሚባለውን የጃቫ ክላስ ተጠቀም። ፖርት ካልተጻፈበት፣ ፖርቱን የሚነግርህ ጌትፖርት የሚመልስልህ 80 ሳይሆን -1 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ዩአርኤል የሚለውን ክላስ እኔ አልወደውም። ሁለት አድራሻ እኩል ናቸው ወይ ብለህ ስትጠይቀው የማሽኑን ስም ለማጣራት ኔትወርክ ላይ ይወጣል። ኮንስትራክተሮቹንም (አዲስ ዩአርኤል የሚፈጠርባቸውን) ከጃቫ 20 ጀምሮ አትጠቀሙ ተብሏል።

የፒያሳው፦
ቁጥሩን ብቻ አስገባሁ። አሁን ቆይቶ ቆይቶ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት»።

ጋሽ ኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ ስህተቱ ተለወጠ እኮ! እሱን ነው ማንበብ። «ሪፊውዝድ» ሲልህ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሰሃል፣ ፖርቱ ላይ ግን ሰው የለም። ታይምድ አውት ሲልህ ማንም መልስ አልሰጠህም። ወይ ቁጥሩ የሌላ ነው፣ ወይ ፋየርዎል (የማሽኑ የኔትወርክ ዘብ) በዝምታ እየጣለብህ ነው። ጃቫን መጀመሪያ ስታስኬድ ዊንዶውስ «ልፍቀድ?» ብሎ ጠይቆህ ይሆናል። በችኮላ ካንስል ብለኸው ከሆነ ከልካይ ሕግ ጽፎልሃል። መጋዘኑ ላፕቶፕ ፋየርዎል ውስጥ ግባና ጃቫን ፍቀድለት። ዋይፋዩንም ፐብሊክ ከሚለው ወደ ፕራይቬት ቀይረው። ፋየርዎሉን ጨርሶ እንዳታጠፋው ብቻ።

የፒያሳው፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ተገናኘ! ግን የዕቃ ቁጥር ስልክ ሁለቱም ዝም። ስህተት እንኳ የለም።

እሙ ሀያት፦
በፕሪንት ነው የምትልከው አይደል? ሰርቨሩ በሪድላይን (መስመር በመስመር) እያነበበ ከሆነ የመስመር መጨረሻ እስኪመጣ ድረስ አይንቀሳቀስም። ፕሪንትኤልኤን አድርገው፤ እሱ የመስመር መጨረሻውን ይጨምርልሃል። ፕሪንትራይተሩን ስትፈጥርም ሁለተኛው ቦታ ላይ ትሩ ስጠው፣ አለዚያ ጽሑፉ ቋቱ ውስጥ ይቀመጥብሃል። ሰርቨሩ መልስ ሲልክም እንደዚሁ።

የፒያሳው፦
ወላሂ ሠራ! የካምቢዮ ዘይትን ቁጥር ላክሁ፣ 14 ብሎ መለሰ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አጎቴ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻም ሱቅ አለው። እዚያ ያለው ልጅ በስልክ ዳታ ያንኑ 192.168.1.7 ቢያስገባ ይደርሰዋል?

የቦርከና ልጅ፦
አይደርሰውም። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር የቤት ውስጥ ነው። ኮምቦልቻም ውስጥ ያንኑ ቁጥር የያዘ ስንት ላፕቶፕ አለ! ራውተሩ ላይ ፖርት ማስተላለፍ የሚባል፣ ከውጭ የመጣውን ወደ ውስጥ ላፕቶፕ የሚመራ ነገር አለ፤ ግን መስመርህ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ ከሌለው አይሠራም። ቢሠራም የይለፍ ቃል የሌለው ፕሮግራም ለዓለም መክፈት ነው። የሚሻለው ሰርቨሩን የውጭ አድራሻ ያለው የኪራይ ማሽን ላይ አስቀምጦ ሁለቱም ሱቆች ወደዚያ እንዲደውሉ ማድረግ ነው። ያኔ ጥሬ ሶኬቱን ትተህ ኤችቲቲፒኤስ አድርገው። ከጃቫ 11 ጀምሮ ለዚህ የሚሆነው ኤችቲቲፒክላየንት አብሮ ይመጣል።

ጋሽ ኮምቦልቻ፦
መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለመጋዘኑ ላፕቶፕ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ 192.168.1.7ን ለእሱ ብቻ አስይዝለት። ደግሞ አክሴፕትን (ደዋይ የሚቀበለውን ትእዛዝ) እየተደጋገመ እንዲሠራ ሉፕ ውስጥ ከትተህ ለእያንዳንዱ ደዋይ የራሱን ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራም መስመር) ስጠው፤ አለዚያ አንዱ ሻጭ መስመሩን እስኪዘጋ ሌላው ይጠብቃል።

የፒያሳው፦
ሉፑን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ኮምቦልቻን በተመለከተ መጀመሪያ አጎቴን የማሽን ኪራይ ላስከፍለው።