ከሙዝ ላይ የያዝኳቸውን ጥቃቅን ዝንቦች ዝርያ እንዴት ልለይ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የዘር ውርስን ለተማሪዎቼ በተግባር ለማሳየት በማሰብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በበሰለ ሙዝ አጥምጄ የያዝኳቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች በብልቃጥ እያራባሁ ነው። አብዛኞቹ ቀይ ዓይንና ቢጫማ ቡናማ አካል አላቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ከራሳቸው እስከ ደረታቸው የሚወርድ ነጭ መስመር ይታይባቸዋል። ሁሉንም ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር (ለዘር ውርስ ጥናት የሚውለው የታወቀው የፍራፍሬ ዝንብ ዝርያ) ናቸው ብዬ ልውሰዳቸው? ምግቡንም እጮቹ ሳያድጉ ሻጋታ ይወርሰዋል።

መልስ 1፦
ነጭ መስመር ያላቸው ዛፕሪዮነስ የሚባል ሌላ የዝንብ ወገን ስለሆኑ ለይተው ያውጧቸው። የሚያስቸግሩት የቀሩት ናቸው፤ ሜላኖጋስተርና ሲሙላንስ የሚባለው ሌላው የድሮሶፊላ ዝርያ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አሜሪካዊው የዘር ውርስ ተመራማሪ አልፍሬድ ስተርቴቫንት በ1919 እ.ኤ.አ. ሲሙላንስን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ እስኪገልጸው ድረስ እንደ አንድ ይታዩ ነበር። ሴቶቹን በዓይን ለመለየት መሞከርን ፈጽሞ አልመክርም። የወንዱ የሆድ ጫፍ መጥቆርና በፊት እግሮቹ ላይ ያለው ማበጠሪያ መሰል ጥቁር ረድፍም በሁለቱም ዝርያዎች ስለሚገኝ ወንድነቱን ብቻ ነው የሚያረጋግጥልዎት። ዝርያውን የሚለየው በሆዱ ጫፍ ሥር ያለው የመራቢያ አካሉ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጎን ክፋዩ በሲሙላንስ ሰፊና ክብ፣ በሜላኖጋስተር ደግሞ ትንሽና ጠባብ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ በአንድ ብልቃጥ ያኑሯት። ከደጅ የተያዘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድማ ከወንድ ጋር የተገናኘች ስለሆነችና የወንዱን ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይ ብቻዋን ሆና ትራባለች፤ እርስዎም የወንድ ልጆቿን አይተው የእናትየዋን ዝርያ ያውቃሉ። በመጠንና በቀለም ግን አይመኑ፤ የኢትዮጵያ ደጋ ሜላኖጋስተር ከቆላው የአፍሪካ ዘመዱ ይልቅ ተለቅና ጠቆር ያለ መሆኑ በጥናት ታይቷል።

መልስ 2፦
ስለ ሻጋታው ልጨምር። የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾና አጋር (ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ካበሰሉ በኋላ በአልኮል የሟሟ ኒፓጂን (ሻጋታ መከላከያ) ይጨምሩበት፤ ይህንንም ምግቡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲበርድ ቢያደርጉት ይሻላል። እጮች ብዙ ሲሆኑ የምግቡን ገጽ እያገላበጡ ሻጋታውን ያዳክሙታል፤ አንዲት ሴት ብቻ ባለችበት ብልቃጥ ግን እጮቹ ጥቂት ስለሚሆኑ አፉ ጠባብ የሆነ ትንሽ ብልቃጥ ይምረጡ። በ25 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ አዋቂ 10 ቀን ያህል ይበቃል፤ በ18 ዲግሪ ግን ጊዜው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ መዘግየቱ አያስጨንቅዎት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከየእናቱ የተራቡትን የተለዩ የዝንብ ዘሮች እርስ በርስ ማዳቀል ብጀምር ስህተት መኖሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ 1፦
የሜላኖጋስተር ሴት ከሲሙላንስ ወንድ ጋር ብትዳቀል የሚወለዱት በጥቅሉ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም መካን ይሆናሉ። ወንድ የሌለበት ትውልድ ካዩ የወላጆቹን ዝርያ እንደገና ይመርምሩ። ለማዳቀል የሚመርጧቸው ሴቶችም ወንድ ያልነካቸው መሆን ስላለባቸው፣ በ25 ዲግሪ ከሆነ ከፑፓ (በእጭና በአዋቂ መካከል ካለው የሽፋን ደረጃ) በወጡ በ8 ሰዓት ውስጥ ይለዩአቸው።