ከጀርመን ለሚመጡ እንግዶች ጎንደርን በሁለት ቀን እንዴት ላሳያቸው?

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የወንድሜ ባለቤት ጀርመናዊት ናት። በኅዳር እናትና አባቷን ይዛ ጎንደር ትመጣለች። ሁለቱም አረጋውያን ናቸው፤ አባትየውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያላቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ግንብ ለግንብ አዙሬ፣ ፎቶ አስነስቼ መሸኘት አልፈልግም። ወንድሜ የወጣበትን አገር አውቀው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር? ምንስ ልንገራቸው?

አስጎብኚው፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት ለፋሲል ግቢ ስጪው። ፀሐዩ ሳይበረታ ግቡ። አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ነው፤ ሁሉንም ላዳርስ ካልሽ አባትየው ይደክማሉ። የፋሲልን ግንብ ተረጋግታችሁ እዩ፣ ሌላውን አለፍ አለፍ በሉ።

ታሪኩን ከአጼ ሱስንዮስ ጀምሪ። ካቶሊክ ሆኑና አገር በጦርነት ታመሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ የኦርቶዶክስን እምነት መለሱ፣ የውጭዎቹን ሚሲዮናውያን አስወጡ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ በዘመተበት ሁሉ ይተከላል። ይህን የሰማ እንግዳ ድንጋዩን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። የኢያሱ ግንብ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ለምን እንደፈራረሰ መጠየቃቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣልያንን ለማስወጣት ሲደበድቡም ተመትቷል።

ወለተ ሥላሴ፦ እኔ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴን የሚያህል የለም ባይ ነኝ። ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ክንፍና ፊት ብቻ፣ ረድፍ በረድፍ። ቀረብ ብለሽ ካየሽ ዓይናቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከትም። ችኮላ አያስፈልግም፤ ከግድግዳው ሥር አረፍ ብለው ቀና ብለው ይዩት። የሱዳን ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። እሱን ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ! ጫማ ይወልቃል፣ ለሴቶቹ ነጠላ ያዢላቸው፣ ፍላሽ ያጥፉ።

የአዘዞው፦ ጥምቀተ ባሕሩን፣ የፋሲለደስን ገንዳ ማለቴ ነው፣ በኅዳር ስታሳዪ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ውሃ የለውም። የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ። ባዶ ነው ብለሽ ግን አትዝለዪው። የዛፎቹ ሥር አጥሩን አቅፎ የወረደበትን ቦታ አሳዪያቸው። በስልክሽ የጥር 11ን ቪዲዮ እዚያው ቆመሽ ብታሳዪያቸው ሁሉም ነገር ይገባቸዋል።

ብርቱካን፦ ሁለተኛውን ቀን ለቁስቋም ስጪው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ከከተማው ወከባም ገለል ያለ ነው። ከዚያ በደባርቅ መንገድ ወለቃ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ የሸክላ ሥራው ግን ዛሬም አለ። የሚያስታውሳቸው ነገር ከዚያ ቢገዙ ገንዘቡ ሠሪዋ እጅ ይገባል። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ጠይቂ።

የቀሃ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማታ ማታስ? አዝማሪ ቤት ልውሰዳቸው ወይስ ቤት ይቆዩ?

ወለተ ሥላሴ፦ የመጀመሪያውን ማታ ቤት አድርጊው። ደክሟቸው ነው የሚመጡት። ዶሮውን እናትሽ ይሥሩ፣ በርበሬውን ትንሽ ቀነስ ያድርጉ። ቡናውን ፊታቸው ቁዪ፤ ሲቆላ ያሽትቱት፣ እስከ በረካ ይቆዩ። ጎረቤትም ጥሪ፤ ቡና ብቻውን አይጠጣም። ጥያቄ ያላቸው ያን ጊዜ ነው የሚጠይቁት፣ ወንድምሽ በልጅነቱ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር እናትሽ ይንገሯቸው፣ አንቺ አስተርጉሚ። አዝማሪውን ለሁለተኛው ማታ አቆዪው፤ ስማቸውን ለአዝማሪው ቀድመሽ ንገሪው፣ በግጥሙ ያነሳቸዋል።

አስጎብኚው፦ ለአባትየው በርጩማ ሳይሆን መደገፊያ ያለው ወንበር አዘጋጂ። ለጉልበታቸው እሱ ይሻላል።